የዳቦዋ እመቤት በመስፍኑ ቤት

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለአሱንታ፤ ባሕር ማዶ፣ ሮዛሪዮ፣ አርጀንቲና።

እታለም፣ የፈጣሪ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል? ዓይንሽስ እንዴት ሆነ? ሞራው ከቀኙ ወደ ግራውም ተሻገረ ብለሽ ስትጽፊልኝ፣ ያን የመርፌ ቀዳዳ በጨለማ የሚያገኝ ዓይንሽን አስቤ አዘንኩ። እኛ ዘንድ ዝናቡ አላባራም፤ እናንተ ዘንድ ደግሞ በጋው የሚከርበት ወር ነውና ሙቀቱ አይበርታብሽ። ልጅሽ ሮኮ ሥራው ተቃናለት? ምራትሽ ግራሲዬላ ወገቧ ተሻላት? ባለቤትሽ ኒኖ፣ ነፍሱን በገነት ያኑራትና፣ ካረፈ ወዲህ ቤቱ እንዴት ይዞሻል? ዓመቱ ገና አልደፈነም፤ የመጀመሪያው ዓመት ክፉ ነው፣ አውቀዋለሁ። እኔስ ባለቤቴን ቬኔራን ከቀበርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኝ እንኳ በገዛ ጓዳዬ እንደ እንግዳ ነው የምገባው የምወጣው።

እኔ ተመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የምነግርሽ ሕመም የለብኝም። ዳቦ ቤቱን ለልጄ ለፓውሎ ከለቀቅሁለት ወዲህ እጄ ሥራ ፈታ። ጎህ ሳይቀድ እነቃለሁ፤ የሚጠብቀኝ ሊጥ ግን የለም። ተነሥቼ እጸልይና ጀልባዎቹ ሲወጡ አያለሁ።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ ዓይኔን ከመቀደዴ በፊት በዳቦዋ እመቤት ፊት አንድ ሻማ አብራልኝ፣ ስሜንም ጥራልኝ፣ እሷ ታውቀኛለች ብለሽኝ ነበር። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ወር አለፈው። መልስ ያዘገየሁት ሰንፌ አይደለም እታለም፤ ሻማውን በማን ፊት እንደማበራ ጠፍቶኝ ነው። የሰፈራችን ሰው አፍ ደግሞ ባሕር ይሻገራል። ከሌላ ከምትሰሚው ከኔ ስሚው ብዬ ነገሩን ከሥሩ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

የትንሿ ቤተ ክርስቲያናችን ጣራ ማፍሰስ ከጀመረ ወዲህ የዳቦዋ እመቤት የምንላትን የእመቤታችንን ሥዕል እርጥበት በላት። ጣውላው ሲሰነጠቅ ጊዜ አነሷትና ወደ መስፍኑ ቤት ወሰዷት። አንቺ ስትሄጂ የመስፍኑ ቤት እርግብ የሚራባበት ፍርስራሽ ነበር፤ በነዚያ ጫፋቸው በሾለ የጎቲክ መስኮቶች የወታደር ካልሲ ይሰጣ ነበር። አሁን የሥዕል ሙዚየም ሆኗል። ካልሲው ወርዶ መስታወት ገብቶበታል፤ እርግቦቹ ግን ዛሬም አልለቀቁም።

አንቺ የምታውቂያት እመቤት ጥቁር ነበረች። የስንቱ ዘመን የሻማ ጢስ ነው የተደረበባት! ከዚያ ጥቁረት ውስጥ አንድ ገርጣ ያለ ፊት፣ ቀይ የሚመስል ልብስ፣ እጇ ላይ ደግሞ ያ ክብ ዳቦ ይታያል። ከዚህ ሌላ ያየ ሰው አልነበረም። ከልደት በነጋታው በስሟ ዳቦ እንጋግርና ባል ለሞተባቸው የሰፈሩ ሴቶች እናድላለን። እናታችን፣ «ትናንት ወልዳ ዛሬ ራባት፤ አራስ ካልበላች ወተቷ አይወርድም» ትለን የነበረው ትዝ ይልሻል? ለመበለት ብቻ የሚታደለው ለምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነገር ማን ይጠይቃል?

ሥዕሏን የምታድስ ሊቪያ የምትባል ልጅ ከቶሪኖ መጣች። ቀጭን፣ ትሑት፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ በጥጥ ጫፍ፣ እንደ ቁስል አጣቢ፣ ጢሱን ስታነሣ ኖረች። ሥራው ሲያልቅ፣ ሹማምንቱ ከማየታቸው በፊት የሰፈሩ ሰዎች ይዩዋት ብላ ላከችብን። እኛም የእሑድ ልብሳችንን ለብሰን ሄድን። ዶና ሳሪና ሴቶቹን ትመራለች። ታስታውሻታለሽ፣ ዓሣ የምትሸጠዋ፣ ያቺ ምላሷ ከቢላዋዋ ይበልጥ ስል የሆነው። በእመቤቷ አዲስ መቀመጫ ላይ የሚነጠፍ ዳንቴል ክረምቱን ሙሉ ሠርታ በቦርሳዋ ይዛለች።

በውጭ በኩል ባለው የድንጋይ ደረጃ ወጥተን ወደ ላይኛው አዳራሽ ገባን። እታለም፣ በዚያ ቤት ሥር ተወልጄ አርጅቻለሁ፤ ከውስጥ ግን አላውቀውም ነበር። መስኮቱ ሦስት ቅስት ነው፤ ቅስቶቹን የተሸከሙት ዓምዶች ከጧፍ አይወፍሩም። ይህን ሁሉ ድንጋይ እንዴት ቻሉት? የባሕሩ ብርሃን ከታች ገብቶ ጣራው ላይ ይንቀጠቀጣል። ሰው ሁሉ ሳይነገረው ባርኔጣውን አወለቀ። ቤተ ክርስቲያን አይደለም፣ መሠዊያ የለበትም፣ ግን እጄ ሳላዘው አማተበ።

ከዚያ ሊቪያ ጨርቁን ገለጠች።

ወርቅ ነው መጀመሪያ የመጣው። የምድጃ አፍ በጨለማ ሲከፈት ፊትሽን እንደሚመታው እንደዚያ መታኝ። ቀጥሎ ቀዩ ልብስ፤ ደም የመሰለ፣ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ወፎች የተጠለፉበት የዲያቆን ልብስ። ከልብሱ በላይ ፊት። የጎረምሳ ፊት። ጢም የሌለው፣ ፀጉሩ ከመሐል አናቱ ክብ ተላጭቶ፣ ከዚያ አንዲት የደም ክር በጆሮው አጠገብ የወረደች። በእጁ የያዘው ግራጫ ነው፤ አንዱ ማዕዘኑ የሾለ ነው።

ዶና ሳሪና፣ «እሷስ? እሷን የት አደረግሻት?» አለች። ሊቪያ በዝግታ፣ «ዶና ሳሪና፣ ሥዕሉ ይኸው ነው» ብትላት፣ «ልጄ፣ እኔ ፊቷን እጠቢልኝ ነው ያልኩሽ። ወንድ አድርጊልኝ አልኩሽ?» ብላ ጮኸች። አንዳንዱ ሳቀ፤ ብዙው ግን ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ልጅቷም፣ «እኔ ምንም አልጨመርኩም፣ ጢሱን ብቻ ነው ያነሣሁት። ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። የያዘውም ዳቦ አይደለም፤ የተወገረበት ድንጋይ ነው» አለች። ዶና ሳሪና ያወጣችውን ዳንቴል እንደገና አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ «ድንጋይ ለያዘ ሰው ዳንቴል አላነጥፍም» ብላ ሄደች። ሴቶቹም ተከተሏት።

እኔ ግን ቀረሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ተሰብሮ ሳለ ዓይኔ ግን ጠገበ። እንደዚያ ያለ ውበት በሕይወቴ አላየሁም። እናቴን ቀምተውኝ የሠርግ ልብስ እንዳለበሱኝ ያህል ተሰማኝ፤ ደስታዬን እንደ ክህደት ቆጠርኩት።

ከዚያ በኋላ መሣቂያ ሆንን። ከድልድዩ ማዶ ያሉት ሰዎች በዓሣ ገበያው ሲያዩኝ፣ «እናንተ ሰፈር ዳቦና ድንጋይ አትለዩም አሉ! ኮራዶ፣ አርባ ዓመት የሸጥክልን የትኛውን ነበር?» ይሉኛል። እኔም፣ «ጥርስህን ቁጠርና እወቀው» እላለሁ፤ እስቃለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አብሮኝ አይገባም። ሴቶቹ ተሰብስበው መከሩና ዘንድሮ የዳቦ ቀን የለም አሉ። በማን ስም ይጋገራል? ለማንስ ይታደላል? ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ነበር።

እኔን ግን የከነከነኝ ከዳቦውም በላይ ቬኔራ ናት። አልጻፍኩልሽም እንጂ፣ ሆስፒታል ሳለች መዋጥ ሲያቅታት ከዚያ ዳቦ ቁራሽ ትራሴ ሥር አድርግልኝ አለችኝ። አደረግሁላት። እጄን ይዛ፣ «አትፍራ ኮራዶ፣ እሷ ታውቀኛለች» አለች። ያንን ቃል ስንቅ አድርጋ ሄደች። አንቺም ደብዳቤሽ ላይ ያንኑ ቃል ስትጽፊ ወረቀቱ ከእጄ ወደቀ። ታዲያ ያወቃት ማን ነው? ዕድሜዋን ሙሉ ስታንኳኳ የኖረችው ሰው የሌለበትን በር ቢሆንስ? ሰው እንዲህ ያለ ሐሳብ ለቄስም አይናገርም። እንዳልናገረው ፈራሁ፣ እንዳላስበውም አቃተኝ።

ስለዚህ ወደ መስፍኑ ቤት መመላለስ ያዝኩ። ክፍያ በሌለበት ቀን እሄድና ፊቱ እቆማለሁ። ልጸልይ ስል ቃል አይመጣልኝም፤ ማንን ብዬ ልጥራ? ልቆጣው ስል ደግሞ ፊቱ አያስቆጣም። በረኛው ለምዶኝ፣ «ጋሼ ኮራዶ፣ ሥዕሉን በዓይንዎ እየጨረሱት እኮ ነው፤ ለሌላውም ሰው ያስተርፉ» ይለኛል። አንድ ቀን ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ቀስ ብሎ ወርዶ እጁ ላይ ሲያርፍ እጁን አየሁት። ድንጋዩን የያዘው ጨብጦ አይደለም። ትኩስ ዳቦ ለሰው ሲሰጥ እንደሚያዝ፣ መዳፉን ከሥር ዘርግቶ ነው የያዘው። የወገሩበትን ድንጋይ እንዲህ የሚይዝ ምን ዓይነት ሰው ነው? የማላውቀው ሰው ቤት ገብቼ ባለቤቱ ከኋላዬ የቆመ መሰለኝ።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ወደ አባ ጋውዴንዚዮ ሄድኩ። አሉ አሁንም፤ መነኮሳይያቱ ጋ ይጦራሉ። ዓይናቸው ሊጠፋ ምንም አልቀረው፤ ብስኩት ወተት ውስጥ እየነከሩ፣ ርሶ ቢወድቅም ሳያዩ ባዶ እጃቸውን ወደ አፋቸው ይልካሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ያንን የማይነገረውንም ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «ኮራዶ፣ ሰውየው ሥራው ምን ነበር?» አሉኝ። «ሰማዕት ነዋ አባቴ» አልኩ። «ሰማዕትነት ሥራ ነው እንዴ? አንድ ቀን ነው የሚፈጀው! ከዚያ በፊት ምን ይሠራ ነበር ነው የምልህ?» አሉ። አላውቅም አልኳቸው። ሳቅ አፈናቸው፤ ሲያስሉ ቆይተው፣ «አንተ ዳቦ ጋጋሪ! ዳቦ አዳይ ነበር እኮ! መበለቶቹ፣ በየዕለቱ ምግብ ሲታደል እኛ ተረሳን ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያት ያንን ማዕድ እንዲያድሉ ከሾሟቸው ሰዎች የመጀመሪያው እሱ ነው። በዓሉስ መቼ የሚውል ይመስልሃል?» አሉ። መልሱን ሳይናገሩት አወቅሁት። ከልደት በነጋታው ነው።

እታለም፣ እንዴት እንደ ሆነ አላውቅም፤ አባ ጋውዴንዚዮም አያውቁም። ምናልባት ከብዙ ዘመን በፊት ያንን ሥዕል ያሠሩ ሰዎች በስሙ ለመበለት ዳቦ ያድሉ ነበር። ከዚያ ጢሱ መጣ። ፊቱ ጠፋን፣ ስሙ ጠፋን፣ ወንድነቱ ሳይቀር ጠፋን። ቀኑ ግን አልጠፋንም፤ ዳቦው አልጠፋንም፤ ዳቦው የሚገባቸውም አልጠፉንም። ዓይናችን ታውሮ ሳለ እጃችን መንገዱን ይዞ ነበር። ማን ነው እጃችንን የያዘው? እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ሳስብ ግን ከወንበሬ ወርጄ ተንበረከክሁ። ሽማግሌውም ብስኩታቸውን እንደያዙ በዚያው እጅ ባረኩኝ።

ዶና ሳሪናን ባቄላ ስትፈለፍል በሯ ላይ አገኘኋት። ነገርኳት። «ማን አለ?» አለችኝ። አባ ጋውዴንዚዮ አልኳት። «እሳቸውማ እኔን ሲድሩኝ እንኳ በእኅቴ ስም ነው የባረኩኝ» አለች። ባቄላዋን ቀጠለች። ቀና ሳትል፣ «መበለቶቹ አጉረመረሙ ነው ያልከኝ?» አለች። አዎን አልኳት። «ጎበዞች!» አለች። ሌላ ባቄላ አነሣችና፣ «ያ ልጅ ታዲያ ተሾሞ እውነት አደላቸው?» አለች። አደላቸው አልኳት። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ «ከዚያ በድንጋይ ገደሉት» አለች፤ መጠየቋ አልነበረም። የፈለፈለችውን ባቄላ ከጭኗ ላይ አራግፋ ተነሣችና፣ «ለፓውሎ ንገረው፣ ሊጡን ያብዛ። ሰሊጡን እንዳይሰስት!» አለችኝ።

ከልደት በነጋታው፣ ዲሴምበር 26 ቀን፣ ዳቦውን ተሸክመን ወደ መስፍኑ ቤት ሄድን። ሥዕሎቹ ወዳሉበት እህል አይገባም አሉን፤ አይጥና ብል ያመጣል፣ ልክ ናቸው። ስለዚህ ግቢው ውስጥ፣ ከደረጃው ቅስት ሥር ሆነን አደልን። ዝናቡ ያካፋል፤ የዳቦው እንፋሎት ያን አሮጌ ድንጋይ ሞላው። ሊቪያ ራሷ አንዱን ቅርጫት ይዛ ቆማለች፤ ዶና ሳሪና፣ «ልጄ፣ ቀጥ አድርገሽ ያዥው፣ ዳቦ ነው፣ አይሰበርም» ትላታለች። ይኼ ይቅርታ መጠየቋ ነው። የየመበለቱን ስም እየጠራች አደለች። ሲያልቅ እኔ እንደ ወትሮዬ ባዶ ቅርጫት ላነሣ ጎንበስ ስል፣ «ኮራዶ!» ብላ ጠራችኝ። ዳቦ ዘረጋችልኝ። ከወንዶቹ አንዱ፣ «እሱ ወንድ አይደል እንዴ? ይኼ የሴቶች ነው» አለ። ዞር ብላ፣ «ፎቅ ላይ ያለውም ወንድ ነው! ሴት ነው እያልን ስንት ዘመን በላንበት? ይሄኛው ደግሞ በተራው ይብላ!» አለችው። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አርባ ዓመት የጋገርኩትን ዳቦ የዚያን ቀን ነው ከሰው እጅ የተቀበልኩት። ቬኔራ ከሞተች ጀምሮ፣ ሚስትህ ሞታብሃለችና እንካ ያለኝ ሰው አልነበረም። አለቀስኩ እታለም። ዝናብ ስለነበር ሰው አላወቀብኝም።

ሰው ሲበተን ብቻዬን ወጥቼ ፊቱ ቆምኩ። እዚያ ሻማ ማብራት አይፈቀድምና ሻማሽን አላበራሁልሽም፤ ስምሽን ግን ድምፄን አውጥቼ ጠራሁልሽ። ዓይንሽንም ነገርኩት። ቀጥዬ የቬኔራን ነገር ጠየቅሁት። መልስ ሰማሁ አልልሽም። ከመስኮቱ የመጣው ብርሃን እጁ ላይ ነበር፤ ያንን እያየሁ ግን ይህን አሰብኩ፦ ይህ ሰው የተሾመው እንዲያድል ነው። የተሰጠውን ለራሱ አያስቀርም፤ ለባለቤቱ ያደርሳል። እኛ እናቲቱን ስንጣራ በር ላይ ቆሞ የሚቀበለን እሱ ከነበረ፣ የቬኔራን ቃል ወስዶ ለእሷ ሳያደርስ ይቀራል? አይቀርም። እንደዚያ ያለ ፊት ያለው ሰው የሰው አደራ አይበላም። እንግዲህ በር ነበረ፣ በሩ ላይም ሰው ነበረ ብዬ ወረድኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሰላም እጸልያለሁ። አንቺም ወደ ሐኪሙ ስትገቢ አትፍሪ፤ የድሮውን ስም ብትጠሪ፣ አዲሱን ብትጠሪ፣ ይደርሳል።

ሰላምታዬን ለሮኮ፣ ለግራሲዬላ፣ ለትልቋ ለኤሚልያ፣ ለዚያ ጆሮው የኒኖን ለሚመስለው ለትንሹ ቲቶ አድርሺልኝ። ፓውሎና ሚስቱ እጅ ይነሡሻል። ዶና ሳሪና፣ ያቺ ደብዳቤ የማትጽፍልኝ ኩሩ እንዴት ናት ብላለች፤ አንቺም አትመልሺላት፣ ደስ ይላታል። ለኒኖ ባለበት ጸሎቴን።

ደግሞ፣ በዚያ ቀን ዶና ሳሪና ስም ስትጠራ፣ «አሱንታ፣ የኒኖ ሚስት!» አለች። እሷ እኮ ባሕር ማዶ ናት ቢሏት፣ «ታዲያ ባሏ የሞተው ባሕር ማዶ ስለሆነ አልሞተም?» ብላ ድርሻሽን ለብቻው አስቀመጠችው። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። መንገዱ ረጅም ነውና ሲደርስሽ በጣም ይደርቃል። ድንጋይ ነው ብለሽ እንዳትጥዪው እታለም። ወተት አሙቂና ንከሪው፤ ትንሽ ታገሺው፣ ዳቦ ነው።

ወንድምሽ ኮራዶ
ሰራኩስ፣ አሮጌው ከተማ
ጃንዋሪ 5 ቀን 1986